የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማሻሻያዎችና የወቅታዊ ማስታወቂያ አስፈላጊነት

የምንጭ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆኑ ሶፍትዌሮች በልዩ ልዩ አገሮች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የትምህርት ተቋማት በስፋት አገልግሎት እየሰጡ ይገኛሉ። አብዛኞቹን ለመጠቀም የፈቃድ ክፍያ መፈጸምም ሆነ ውል መፈረም አያስፈልግም። በዚህም የተነሳ አዘጋጆቹ ተጠቃሚዎቻቸውን በስም አያውቋቸውም፤ ማሻሻያ ሲወጣም ለእያንዳንዱ ተቋም ደብዳቤ ሊጽፉ አይችሉም። ያላቸው ዋነኛ መንገድ ለሁሉም በይፋ የሚያወጡት ማስታወቂያ ነው።

በይፋ ማስታወቅ ግን የራሱ ፈተና አለው። የደህንነት ክፍተት ለተጠቃሚው ሲነገር ለአጥቂውም አብሮ ይነገራል። በኢንተርኔት የሚተላለፍ መረጃን በምስጢር ለመጠበቅ በሚያገለግለው ኦፕን ኤስኤስኤል ላይ የተገኘው «ሃርትብሊድ» የተሰኘ ክፍተት እ.ኤ.አ ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ይፋ ሲሆን ማሻሻያውም በዚያው ዕለት ወጥቷል። የካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ ክፍተቱን በመጠቀም የ900 ያህል ግብር ከፋዮች መለያ ቁጥር መወሰዱን በዚያው ወር አስታውቋል።

ከዚህ በኋላ የሶፍትዌሩ አዘጋጆች የክፍተቶችን አሳሳቢነት በደረጃ መመደብና ከባድ ማሻሻያ የሚወጣበትን ቀን ዝርዝሩን ሳይገልጹ አስቀድመው ማሳወቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 25 ቀን 2022 ባወጡት ማስታወቂያ «እጅግ አስጊ» የተባለ ክፍተትን የሚደፍን ማሻሻያ ኖቬምበር 1 ቀን እንደሚለቀቅ ገለጹ። በዕለቱ ግን የአደጋው ደረጃ ወደ «ከፍተኛ» ዝቅ ብሏል። ስጋቱ ከእውነታው በልጦ መገኘቱ አይካድም፤ መሰል ማስታወቂያ ቢደጋገምም ሰሚ ያሳጣል። ይሁንና ክፍተቱ የቀደሙትን የሶፍትዌሩን ቨርዥኖች የማይመለከት በመሆኑ፣ የአንድ ሳምንቱ ጊዜ ተቋማት በየሰርቨሮቻቸው ላይ የተጫነውን ለይተው እንዲዘጋጁ ዕድል ሰጥቷል።

የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜን ማሳወቅም ከዚህ ያልተናነሰ ትኩረት ይሻል። የሴንት ኦኤስ ፕሮጀክት እስከ 2029 ድጋፍ ያገኛል ተብሎ ይጠበቅ የነበረው ሴንት ኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚቋረጥ ያስታወቀው እ.ኤ.አ ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ነበር። በዚህ ሳቢያ ሥርዓቱን ሰርቨሮቻቸው ላይ የተከሉ ተቋማት ወደ ሌላ ለመሸጋገር የቀራቸው ጊዜ ከአንድ ዓመት ብዙም ያልዘለለ ነበር። በአንጻሩ ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል ወር ለሚያወጣው የረጅም ጊዜ ቨርዥን የአምስት ዓመት መደበኛ ድጋፍ እንደሚሰጥ ከመነሻው ያሳውቃል። 22.04 የሚለው ቁጥር ራሱ የወጣበትን ዓመትና ወር ስለሚናገር የማብቂያውን ጊዜ ለማስላትና በጀት ለመያዝ አያስቸግርም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ ለማሰባሰብ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጅ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው።

ማስታወቂያው የቱንም ያህል ግልጽና ወቅታዊ ቢሆን ተቀባይ ከሌለው ፋይዳ አይኖረውም። በመሆኑም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚገለገልባቸውን ሶፍትዌሮች ከነቨርዥናቸው መዝግቦ መያዝ፣ ማስታወቂያዎቹን የሚከታተል የሥራ ክፍል መመደብና ማሻሻያ የሚካሄድበትን ጊዜ በዓመታዊ ዕቅዱ ማካተት ይጠበቅበታል። ሶፍትዌሩ ያለ ክፍያ መገኘቱ ይህን ኃላፊነት አያስቀርም።