ዓይን የማይለካው ብርሃን

የፊዚክስ መምህር ስለ እንሽላሊት መብራት ምን ያገባዋል ትሉ ይሆናል። እኔም አንድ ወቅት እንደዚያው አስብ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ለዶክትሬት ትምህርት ጀርመን ሳለሁ፣ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ጢማም እንሽላሊት ያሳድጉ ነበር። ይህ ፍጡር የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን ፀሐይ እየሞቀ የሚኖር ነው። ባለቤቱ ለጉዞ ሲነሡ እንስሳውን በአደራ ሰጡኝ። መብራቱ ደምቆ ይበራ ስለነበር የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ብዙም ሳይቆይ ግን እንስሳው መራመድ ተሳነው፤ መንጋጋውም ለስልሶ ተገኘ። አምፖሉ ከሁለት ዓመት በላይ ያገለገለ ነበርና ለዓይን ቢበራም የሚፈለገውን ጨረር መስጠቱን ትቶ ኖሯል። በሽታው ከእኔ አስቀድሞ የጀመረ ቢሆንም፣ ቀኑን ሙሉ በቤተ ሙከራ ብርሃን ስለካ የምውለው ሰው ቤት ስገባ በዓይኔ ብቻ መፍረዴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እንስሳው ተረፈ፤ የጎበጠው አከርካሪው ግን አልተቃናም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓይናችን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ነው። በቆዳ ውስጥ ቫይታሚን ዲ3 እንዲሠራ የሚያደርገው ግን ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሚደርሰው፣ የማይታየው አልትራቫዮሌት ቢ ነው። ቫይታሚኑ ከጎደለ ካልሲየም ከምግብ በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም፤ አጥንትም ይለሰልሳል። እንግዲህ የድምቀት ብዛት ስለዚህ ጨረር ምንም አይነግረንም።

ስለሆነም መብራቱን የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ተግባራትን ለይቶ ማየት ይገባዋል፤ አንዱ ሙቀት፣ ሌላው አልትራቫዮሌት ነው። ሁለቱም በሣጥኑ አንድ ወገን ከላይ ይደረጉ። ለጢማሙ እንሽላሊት የመሞቂያው ቦታ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ 25 ያህል ሆኖ ጥላ ቢኖረው፣ እንስሳው የሚሻውን ራሱ ይመርጣል። በመካከል ተራ መስታወት አይግባ፤ አልትራቫዮሌት ቢን አብዛኛውን ያስቀረዋልና። ርቀትም ወሳኝ ነው። ከአንዲት ትንሽ አምፖል ያለን ርቀት በእጥፍ ስናሳድግ የጨረሩ ጥንካሬ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በግማሽ ስናሳጥረው አራት እጥፍ ይሆናል። የአምፖሉ መያዣ ሙቀት የሚችል ሴራሚክ ይሁን፤ እንስሳው እንዳይቃጠል በሽቦ መከለያ ይጋረድ፤ ሙቀቱን ቴርሞስታት ይቆጣጠረው።

አልትራቫዮሌት የሚል ጽሑፍ ያለበት አምፖል ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ለጀርም ማጥፊያ የሚሠራው፣ 254 ናኖሜትር አካባቢ የሚያመነጨው መብራት ዓይንና ቆዳን ይጎዳል፤ ሕይወት ያለው ፍጡር ባለበት ፈጽሞ መብራት የለበትም።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እኔ ግን አልስማማም። በአገራችን ሕፃናትን ፀሐይ ማሞቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ዓላማውም አጥንታቸው እንዲጠና ነው። ሆኖም ብርድን ፈርታ ሕፃኗን በተዘጋ መስኮት በኩል የምታሞቅ እናት ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን አታገኝለትም። የእኔና የእርሷ ስሕተት አንድ ነው፤ የታየንን ብርሃን የተፈለገው ብርሃን ነው ብለን አመንን። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብም ቀርባ የምትገኝ በመሆኗ የቀትር ጨረሯ ብርቱ ነው። ስለዚህ መቼና ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን የጤና ባለሙያን መጠየቅ ይበጃል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። የርቀትና የጥንካሬን ሕግ ለፈተና ብቻ ማስተማራችን ይብቃ። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ከያዘ በኋላ መለኪያ ይዞ ከመስኮቱ ውስጥና ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ጨረር ራሱ ለክቶ ያነጻጽር። እናንተም ተማሪዎች፣ «ይበራል» የሚል መልስ ሲሰጣችሁ «በምን ተለካ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ያን ጥያቄ በጊዜው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ በአደራ የተሰጠኝ ፍጡር ቀድሞ ሐኪም ዘንድ በደረሰ ነበር።