ሥርዓቱ ሲሰናከል ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ፍትሐዊ የዲጂታል ሽግግር ከዋግ ኽምራ ሲታይ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘውን ስትራቴጂ ካጸደቀ ወዲህ አገራችን በዘርፉ የተጓዘችው ርቀት ቀላል አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለዲጂታል መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ፤ ብሔራዊ ባንክም ፋይዳን ለባንክ ሒሳብ መክፈቻ በደረጃ ግዴታ ወደማድረግ ተሸጋገረ። የእነዚህ ሥራዎች ስኬት ዘወትር የሚገለጸው በተመዝጋቢና በተጠቃሚ ብዛት ነው። በእኔ እምነት ግን የሽግግሩ ፍትሐዊነት መመዘን ያለበት በሌላ ጥያቄ ነው፤ ሥርዓቱ ሲሰናከል ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች ሲታይ ክብደቱ ይጎላል። ዞኑ ድርቅ የሚደጋገምበት፣ በሰሜኑ ጦርነት ክፉኛ የተጎዳና ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖችን ያስጠለለ አካባቢ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለበርካታ የዞኑ ቤተሰቦች ከመኸር እስከ መኸር መሻገሪያ ሆኖ ቆይቷል። በከተማ ኔትወርክ ሲቋረጥ ደንበኛው ጥቂት ይጠብቃል፣ ወይም ጥሬ ገንዘብ ያወጣል። ተራራ ወርዳ፣ ወንዝ ተሻግራ ክፍያ ጣቢያ የደረሰች እናት ግን «ሲስተም የለም» ተብላ ስትመለስ የምታጣው የወሩን እህል ነው። መሰናክሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ጉዳቱ እኩል አይደለም።

መሰናክሉም በምናብ የተፈጠረ አይደለም። በጦርነቱ ወቅት በአካባቢው የቴሌኮም አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። በሌላ በኩል የሴፍቲኔት ተጠቃሚው በማኅበረሰብ ሥራ እርከን የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚፈልጥና የሚሸከም ሰው ነው። እንዲህ ያለ የጉልበት ሥራ የጣት አሻራን እንደሚያደበዝዝ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሥራው ራሱ የሥራውን ዋጋ መቀበያ ማስረጃ ሊያደበዝዘው ይችላል። ፋይዳ በምዝገባ ጊዜ ከአሻራ በተጨማሪ የዓይንና የፊት ምስል መውሰዱ ችግሩን በከፊል ያቃልለዋል፤ በክፍያ ጣቢያ ያለው መሣሪያ አሻራ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ግን ያ ጥንቃቄ ለተጠቃሚው አይደርሰውም።

የህንድ ልምድ እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተሰኘው መድረክ መነሻው ህንድ ሲሆን፣ የዚያች አገር መታወቂያ አድሃርም እንደ ፋይዳ ባለ 12 አኃዝ ነው። አድሃር ከቀለብ እደላ ጋር ሲተሳሰር በአሻራ አለመነበብና በመረጃ አለመገናኘት ምክንያት ድርሻቸውን ያጡ ድሆች ጉዳይ ለዓመታት አከራክሯል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. አድሃር ለድጎማ አገልግሎት እንዲውል ፈቅዶ፣ በማረጋገጫ ጉድለት ምክንያት ማንም ተገቢ ተጠቃሚ እንዳይከለከል መንግሥት የሰጠውን ማረጋገጫ በውሳኔው መዝግቧል። ያ ጥበቃ የተረጋገጠው ግን ብዙዎች ከተጎዱ በኋላ ነበር። እኛ ከጉዳቱ በፊት ልናደርገው እንችላለን።

«ወረቀቱስ መቼ ፍትሐዊ ነበር?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ለአድልዎ የተጋለጠ ነው፤ የጥሬ ገንዘብ ክፍያም ይዘገያል፣ ይጓደላል። ዲጂታል ክፍያ እነዚህን ጉድለቶች ሊቀንስ ስለሚችል ሽግግሩን መቃወም አይገባም። ነገር ግን አዲሱ ድልድይ ሳይጸና አሮጌውን ማፍረስ ወንዙ በሞላ ጊዜ ተሻጋሪውን ለጎርፍ መስጠት ነው። የአገልግሎት መመሪያዎቻችን መሣሪያው አላነብ ሲል ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ተጠቃሚው በምስክርና በወረቀት መዝገብ በዚያው ቀን እንዲስተናገድ፣ ማረጋገጫውም በኋላ እንዲሟላ በግልጽ ሊደነግጉ ይገባል።

ለዚህ የሚሆን ልምድ በአገር ውስጥ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚገለገሉበት የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኔትወርክ በሌለበት ይመዘግባል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች የ8028 የስልክ መስመር ማንበብ ለማይችል ሰው በድምፅ፣ በተራ ስልክ፣ ያለ ክፍያ ምክር ያደርሳል። ቴሌብር በአንጻሩ በተራ ስልክ መሥራቱ መልካም ሆኖ ዝርዝሩ ማንበብን ይጠይቃል፤ ሥራ ሲጀምር ከቀረበባቸው አምስት ቋንቋዎች መካከልም ኽምጣና አልነበረም። ኽምጣና በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥና በክልሉ መገናኛ ብዙኃን የሚሰራጭ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በቋንቋው የድምፅ አገልግሎት ለማዘጋጀት የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ትኩረት ነው።

ሰቆጣ በፖሊሲ ታሪካችን ውስጥ ስሟ እንግዳ አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መጠሪያውን ያገኘው ከእርሷ ነው። ቃል ኪዳኑ ነዋሪው ችግሩን ተንትኖ መፍትሔ የሚያፈልቅበትን «ኮሚዩኒቲ ላብ» የተባለ አሠራር ይዞ መጥቷል። ይኸው አሠራር ለዲጂታል አገልግሎት ንድፍም ሊውል ይገባዋል፤ መሣሪያው የት እንደሚሰናከል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ተራ ይዞ የቆመው ሰው ነውና።

ለእኛ ለተመራማሪዎችም የሚቀር የቤት ሥራ አለ። ጥናቶቻችን የተመዘገበውን ሲቆጥሩ፣ ከመስኮቱ ባዶ እጁን የተመለሰው በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም። በየክፍያ ጣቢያው ስንት ሰው፣ በምን ምክንያት፣ ለስንት ቀን ሳይስተናገድ እንደተመለሰ መመዝገብና ውጤቱን በየጊዜው ይፋ ማድረግ ረቀቅ ያለ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ያ ቁጥር በሌለበት ስለ አካታችነት የሚቀርብ ሪፖርት የደረሱትን እንጂ የቀሩትን አያውቅም።