በሐምሌ ያያችሁትን ቤት በጥር ሳታዩ አትፈርሙ



ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ ከጨጓራና ከደም ግፊት እኩል የበዛ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ካናዳ ገጠር ውስጥ ሥራ አግኝቼ ልሄድ ነው፣ ብርዱን እችለዋለሁ?» «ካልገሪ ነው የምንኖረው፤ ቤት ርካሽ ወደሆነበት ትንሽ ከተማ ልንዛወር ነው፣ ለልጆቹ የትኛውን ቫይታሚን እንያዝ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። በረዶ አገር፣ ያውም ገጠር ልትኖሩ ካሰባችሁ ቦታውን በብርዱ ወቅት ሳታዩ አትወስኑ። ሄዶ የሚያየውም ሥራ ያገኘው ሰው ብቻ መሆን የለበትም። ከልጅ ጋር ቤት የሚውለው ሰው ነው በዋናነት ማየት ያለበት። ይህን የተማርኩት ሕክምና ትምህርት ቤት አይደለም፣ ከገዛ ቤተሰቤ ነው።

ወንድሜ ካልገሪ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የረጅም ርቀት ትራክ ይነዳል። አምና ሐምሌ ላይ ሳስካችዋን ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲያልፍ ልቡ እዚያው ቀረ። የካኖላው ማሳ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው። ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አትጠልቅም። ሰፊ ግቢ ያለው ቤት፣ ካልገሪ ላይ አንድ ጠባብ አፓርታማ በሚገዛ ገንዘብ! በቪዲዮ ደውሎ አሳየኝ። እኔም አዲስ አበባ ኪራይ ቤቴ ተቀምጬ «ምን ትጠብቃለህ፣ ግዛው እንጂ!» አልኩት። ሐኪም ነኝ፣ ግን አንድም የጤና ጥያቄ አልጠየቅኩትም።

የጠየቀችው ሚስቱ ናት። የአራት ዓመት ልጅ አላት፣ ሁለተኛው ገና ጡት ይጠባል። ያኔ መንጃ ፈቃድ አልነበራትም። እሱ ደግሞ በሳምንት አራት አምስት ቀን መንገድ ላይ ነው። «አንተ በሐምሌ ያየኸውን ቤት እኔ በጥር ልየው» አለችው። ወንድሜ ሳቀ። «ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ስለ ብርድ ይነገረዋል እንዴ?»

እውነት ለመናገር እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። የኅዳርን ውርጭ በጋቢና በበርኖስ ያሳለፍን ልጆች ነን። ግን እኮ ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። «ዊንተር» ሲባል «ክረምት» ብለን እንተረጉመዋለን፤ የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፣ እሱም በእነሱ አገር ሙቀት በሆነበት ሰዓት። «በረዶ» ስንልም የምናውቀው ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ቆይቶ በግማሽ ሰዓት የሚቀልጠውን ነው። ጥር ማለት ደግሞ ለእኛ ጥምቀት ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ነው።

በዚያ ጥር እነሱን ልጠይቅ ካልገሪ ሄጄ ስለነበር አብረን ሄድን። ከተማዋ ውስጥ ለሦስት ሌሊት አንድ ትንሽ ቤት ተከራየን። የደረስን ዕለት ከዜሮ በታች 31 ነበር፤ ከነፋሱ ጋር ሰውነት የሚሰማው ከዜሮ በታች 43። ከመኪና ወርጄ አንዴ ስተነፍስ የአፍንጫዬ ውስጥ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ጠዋት ሞተሩ እንዲነሳ መኪናው ማታውን እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያድራል። በሐምሌ ማታ 3 ሰዓት ላይ የምትጠልቀው ፀሐይ፣ በጥር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የምትወጣው። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ የለችም።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ ሕፃኑ አተኮሰው። 38.9፣ ከሳል ጋር። ውጭ ነፋሱ በረዶውን እያነሳ መንገዱ ላይ ይከምረዋል። የከተማዋ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በሠራተኛ እጥረት ምክንያት ያን ሌሊት ዝግ ነበር። ክፍት የሆነው የሚቀርበው በደህና ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል፤ የመንገድ መረጃው ደግሞ «መጓዝ አይመከርም» ይላል። የክፍለ ሀገሩ የጤና ምክር መስመር 811 ላይ ደወልን፤ ነርሷ በትዕግሥት ጠይቃ ምን እንደምንከታተል፣ ምን ስናይ አምቡላንስ እንደምንጠራ ነገረችን። እኔም በስልኬ ሰዓት ይዤ ትንፋሹን ስቆጥር አደርኩ። 44፣ 46፣ 44። በዚህ ዕድሜ በደቂቃ 50 ከደረሰ ፈጣን ነው የምንለው። ጡት ይጠባል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ሲነጋ ትኩሳቱ ወረደ፣ ተመስገን።

ጠዋት ቡና እየጠጣን የወንድሜ ሚስት ረጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ዛሬስ ዶክተር ቤቴ አደረ። አንተ አዲስ አበባ ስትመለስ፣ እሱ ማኒቶባ መንገድ ላይ ሲሆን ማን ይቆጥርልኛል?»

ወንድሜ ዝም አለ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ከዚያ ጉዞ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። በብርዱ ወቅት ለማየት ስትሄዱ እንደ ቱሪስት ፎቶ ተነስታችሁ አትመለሱ። እንደ ነዋሪ ዋሉበት፤ እነዚህንም አረጋግጡ፦

1. ሕክምናው በስንት ደቂቃ ይደረሳል? ካርታ ላይ ሳይሆን በበረዶ መንገድ ራሳችሁ ነድታችሁ ለኩት። ድንገተኛ ክፍሉ 24 ሰዓት ክፍት ነው? ነፍሰ ጡር ካለች እዚያ ሆስፒታል ማዋለድ ይቻላል? ብዙ የገጠር ሆስፒታሎች አያዋልዱም፤ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳሉ።

2. መኪና የማይነዳው ሰው እንዴት ይውላል? አንድ ቀን ሹፌሩ እጁን ይሰብስብ። ወተት የሚገዛው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በእግር ይሂድ። የካናዳ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ከነፋሱ ጋር የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች ከ28 እስከ 39 ሲሆን የተገለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊጎዳ ይችላል። ከ40 ሲያልፍ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ መደንዘዙንና አመድ መምሰሉን ተከታተሉ። የተጎዳውን ቦታ አትሹት፣ እሳት ላይም አትያዙት፤ ሙቅ ቤት ገብታችሁ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ለብ ባለ ውሃ ንከሩትና ሐኪም አማክሩ።

3. ቤቱ በምን ይሞቃል? የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አለው? ይህን ጥያቄ በተለይ ለእኛ ሰው አጥብቄ እመክራለሁ። ብርድ የማያስገባ ቤት አየርም አያስገባም። እዚያ ቤት ውስጥ ለቡና ብላችሁ ከሰል ማቀጣጠል፣ መብራት ሲጠፋ ከሰል አስገብቶ መሞቅ ገዳይ ነው። ጭሱ ባይታይም ጋዙ አለ። ቡናችሁን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ።

4. ፀሐይ የምታሞቁት ሕፃን አለ? እናቴ በስልክ «ልጁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» ትላለች። በእኛ አገር ልክ ናት። እዚያ ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር ከቁጥር አይገባም። በመስኮት መስታወት በኩል ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ጡት የሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ያስፈልገዋል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልጅና አዋቂ ከምግብም ከኪኒንም በድምሩ 600 ገደማ። ጠቆር ያለ ቆዳ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋልና ቸል አትበሉ። ከዚህ የበለጠ መጠን ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።

5. በረዶውን ማን ይዝቃል? ለስላሳ ይመስላል፣ ሲዛቅ ግን ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። ኩቤክ ውስጥ ተሠርቶ በ2017 የወጣ ጥናት ብዙ በረዶ በጣለ ማግስት ወንዶች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደሚጨምር አሳይቷል። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ችግር ያለበት አባት ካለ የሚዝቅላችሁ ሰው ዋጋ ከወዲሁ ይታሰብ።

አሁን ደግሞ የራሴን ምክር ልተች። የብርድ ወቅት ጉብኝትም ሊያታልል ይችላል። የመጀመሪያው ሳምንት በረዶ ያምራል፣ ልጆቹ ይንከባለሉበታል፣ ሁሉም ይስቃል። በጨለማው ወቅት የሚመጣው ድብርት ግን በሦስት ቀን አይታይም። ሳምንታት እየቆጠረ ነው የሚመጣው፦ እንቅልፍ መብዛት፣ ጣፋጭና ዳቦ መመኘት፣ ከሰው መራቅ፣ ምንም ነገር አለማስደሰት። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ብዙዎቻችን ይህን ሕመም አናውቀውም፤ ሲመጣ «ስንፍና ነው»፣ «ናፍቆት ነው» እንላለን። ሕክምና አለው። ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ ያህል 10,000 ሉክስ ከሚሰጥ መብራት ፊት መቀመጥ ብዙዎችን ይረዳል። ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ስለዚህ ጎብኝታችሁ ብትወዱትም መጀመሪያ ተከራዩ፣ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት እለፉ፣ ከዚያ ግዙ።

«ዶክተር፣ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ ለጉብኝት ቪዛ ማን ይሰጠኛል?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እንግዲያው እዚያው የሚኖር ሰው ፈልጋችሁ በጥር፣ በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውሉ። መስኮቱን ያሳያችሁ። ከተቻለ ትራክ የሚነዳውን ሳይሆን ሚስቱን አነጋግሩ።

ገጠር አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ጎረቤት አካፋ ይዞ መጥቶ የማያውቀንን የእኛን ደጃፍ ሲጠርግ ዓይኔ አይቷል። የወንድሜ ቤተሰብም ቢሆን አልቀረም። ሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ የሚደረስበት፣ ከፍ ያለ ከተማ ውስጥ ተከራይተው ገቡ። እሷ መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ቅድመ ሁኔታዋ እሱ ነበር። ያ የሐምሌው ቤት ለሌላ ሰው ተሸጠ። ወንድሜ አሁንም አልፎ አልፎ ፎቶውን እያየ ይቆጫል። እኔ ግን «ግዛው» ያልኩበትን ቀን ሳስታውስ አፍራለሁ።

በረዶ አገር ገጠር የምትኖሩ የገጻችን ቤተሰቦች፣ የመጀመሪያውን ጥር እንዴት አለፋችሁት? ኮመንት ላይ ጻፉልን። እናንተ የምታውቁትን እኔ አላውቀውም። ለመዛወር የሚያስብ ወዳጅ ያላችሁ ደግሞ ሳይፈርም በፊት ሼር አድርጉለት።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪማችሁን ምርመራ የሚተካ አይደለም። ጤናችሁ ይብዛ!