የባለሙያ ክብር በቀብር ቀን ብቻ አይኹን

በአገራችን ሕንፃ ሲመረቅ የመራቂው ባለሥልጣን ስም በእብነ በረድ ላይ ይቀረጻል። የነዳፊው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ፍል ውሃን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ የፍል ውሃን መታጠቢያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ሚካኤል ቴድሮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ አርክቴክት ከዛልማን ኤናቭ ጋር እንደ ነደፏቸው የሚያውቅ ግን ስንት ነው? ባለሙያውን የምናስታውሰው የሕይወት ታሪኩ በመቃብሩ አጠገብ ሲነበብ ነው። ይህን ልማድ እኛ ተማሪዎች እንቃወማለን።

ስለዚህ አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስን ዛሬ እናክብራቸው እንላለን። በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የእርሳቸው ንድፍ ነው። ከዴኒ ጄራር ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ዘመን እስከ ጣልያን ወረራ ፍጻሜ የተሠሩትን ሕንፃዎች መዝግቧል። ልደታ በሚገኘው የአርክቴክቸር ተቋምም አስተምረዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላው አሮጌ ብሎ የናቀውን የእንጨት፣ የድንጋይና የጭቃ ቤት እንደ ዕውቀት እንድናየው ማድረጋቸው ነው።

ይኹን እንጂ የአንድ ሰው ዕውቀት ብቻውን ከተማ አያቀናም። ማኅበር ያስፈልገዋል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኢትዮጵያ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማኅበር ነበር፤ «ዘዴ» የተባለ መጽሔትም ያሳትም ነበር። ዛሬም የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበር አለ። በማኅበር ያገለገለ ሰው ደመወዝ የለውም። ከሥራ በኋላ ስብሰባ ይቀመጣል፣ ስለ ሕንፃ ደንብ ረቂቅ ይከራከራል፣ የወጣቶችን ሥራ ያርማል። ለዚህ ድካም የሚቀረጽ እብነ በረድ ስለሌለ፣ ክብሩን መስጠት ያለብን እኛ ነን።

ይህ ለምን ያስጨንቀናል? መልሱን የሚፈልግ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ይመልከት። ሰበታ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር መስመር መነሻ ኾናለች። በቡራዩ በኩል አዲስ አበባ የምትጠጣው የገፈርሳ ውሃ አለ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በክረምት ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ትሰፋለች። ሦስቱም አፈራቸው፣ ውሃቸውና ነፋሳቸው ይለያያል፤ ቤቱ ግን ያው አንድ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውም ያለ አርክቴክት ይሠራል። ድኻው የጨረቃ ቤት በሌሊት ያቆማል፤ ቀን ሲወጣ አፍራሽ ይመጣበታል። ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ በተጠቃለሉበት በ2015 ዓ.ም. በአካባቢው ስለ ፈረሱት ቤቶች የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መግለጫ አውጥቷል።

ከዚያ በፊትም በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ከተሞች የሚያጣምረው ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሣ፤ ተማሪዎችም ሕይወታቸውን አጡ። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ካርታው ሲሣል መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ተጠይቆ ነበርን? በገበሬውና በቢሮው መካከል ቆሞ፣ ላንዱም ለሌላውም እውነቱን የሚናገር ብርቱ የሙያ ማኅበር እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አርክቴክት የሀብታም ነው፤ በጭቃ ለሚሠራ ምን ይረባዋል?» ይላሉ። የአቶ ፋሲል ሥራ መልሱን ሰጥቷል። የጥንቷን አዲስ አበባ ያቆማት ጭቃና እንጨት ነው፤ መሠረቱን ከእርጥበት፣ ግድግዳውን ከዝናብ የሚጠብቅ ጥበብ ከኖረ ጭቃ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ዕውቀቱ ከልደታ ቅጥር ግቢ ወጥቶ ቡራዩ አለመድረሱ ነው። ሌሎች ደግሞ «ክብር ባዶ ሥነ ሥርዓት ነው» ይላሉ። ካባ አልብሶ፣ አጨብጭቦ መበተን ከኾነ እኛም አንፈልገውም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ አቶ ፋሲልንና በሙያ ማኅበር ያገለገሉ አንጋፋዎችን ጠርቶ በፊታችን ያመስግን። ሁለተኛ፣ በዕረፍት ወራት ፈቃደኛ ተማሪዎች በሦስቱ ከተሞች የቀሩትን የቆዩ ቤቶች ለክተው ይመዝግቡ። ሦስተኛ፣ ቤት ለሚሠራ ድኻ በሳምንት አንድ ቀን በነጻ ምክር እንዲሰጥ ከአርክቴክቶች ማኅበር ጋር ይነጋገር።

መምህርን ማክበር ሥራውን መቀጠል ነው። ጭብጨባውን ማንም ይችለዋል፤ ሜትሩን ይዞ ሱሉልታ የሚወርደው ማነው?