የተቀየረ ካምቢዮ፣ ያልተለካ ዘንግ

ከታርማበር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ የሚወርድ ሾፌር ፍሬን ብቻ አያምንም፤ በከባድ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን ይዞ ያወርድለታል። ሞተሩን ከኋላ ጎማ የሚያገናኘው ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል የተዘረጋው ዘንግ ነው።

የድሮ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ካምቢዮው ሲያልቅ ከሌላ ሞዴል የተፈታ ይገጠምለታል። የካምቢዮው ርዝመት ስለሚለያይ ዘንጉም አይበቃም ወይም ይተርፋል። ቆርጦ መበየድ ነውር የለውም፤ የትም አገር የሚሠራ ነው። ጥፋቱ በግምት መቁረጥ ነው። ልኩ የሚወሰደው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ባሌስትራው ሲተኛና ሲነሳ ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቦታ ይተውለታል፤ የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራዎች አቀማመጥ ይገጥማል፤ በመጨረሻም ባላንስ ይደረጋል።

ይህ ሲዘለል መንቀጥቀጡ ክሮቼራውን ይበላል፣ ብየዳውን ያላቅቃል። ቁልቁለት ላይ ዘንጉ ከተበጠሰ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል። በቀድሞዎቹ ባለ 40 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ደግሞ የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው በዚሁ ዘንግ በኩል ስለሆነ አብሮ ይሄዳል።

«አዲስ ይግዙ» የሚል ምክር ለመንዝና ለመርሐቤቴ ባለመኪና አይሠራም። የሚሠራው ሌላ ነው፦ ጋራዡ የለካውንና የበየደውን በደረሰኝ ይፈርምበት፤ የዓመታዊ ምርመራ ባለሙያም ከመኪናው ሥር ገብቶ ሳያይ ቦሎ አይስጥ።