የሰሜኗ ሽሪምፕና የኤረር ፍል ውሃ

በኤረር ስለ ቀዝቃዛ ባሕር ሽሪምፕ ማውራት ለብዙዎች ፌዝ ይመስላቸው ይሆናል። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ መሥመር ላይ ያለችው ይህች ከተማ የምትታወቀው በሙቀቷ፥ በፍራፍሬዋና በፍል ውሃዋ ነውና። ቢሆንም ወጣት አንባብያን ከሽሪምፕዋ የሚማሩት ቁም ነገር አለ።

ሽሪምፕ የሸርጣን ዘመድ የሆነች ቅርፊታም የውሃ እንስሳ ናት። ሊቃውንት ፓንዳለስ ቦሪያሊስ ያሏት ዓይነት በኖርዌይ፥ በአይስላንድና በግሪንላንድ ዙሪያ በብርዳም ጥልቅ ባሕር ትኖራለች። የዚያ አገር ሰው ሥጋዋን ይበላል፤ ለውጭ ገበያም ያቀርባል። ቅርፊቷ ግን እንደ ጥራጊ ይጣል ነበር። ዛሬ ከሽሪምፕ ቅርፊት ካይቶሳን የሚባል ነገር ይወጣል፤ ደም የሚያቆም የቁስል መሸፈኛም ይሠራበታል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። በኖርዌይ ፋብሪካዎች በረዶ የሆነችው ሽሪምፕ ከሟሟች በኋላ ይደፋ ከነበረው ውሃ ፎስፋታዝ የተባለ ኢንዛይም ተገኘ። ይህም ኢንዛይም ዲ.ኤን.ኤ. በሚመረመርባቸው ላቦራቶሪዎች ያገለግላል። የቀዝቃዛ አገር ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ሥራውን ሲጨርስ ቢያሞቁት በቀላሉ ይከሽፋል፤ የሚቀጥለውንም ሥራ አያውክም።

በዚያው ላቦራቶሪ የፍል ውሃ ፍጥረትም ድርሻ አለው። በአሜሪካ በየሎስቶን ፍል ውሃ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመዘገበ አንድ ረቂቅ ተሐዋሲ ሙቀት የማይበግረው ኢንዛይም አስገኝቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስሙን ሁላችን የሰማነው የፒ.ሲ.አር. ምርመራ የተስፋፋው በዚህ ኢንዛይም ነው።

እንግዲህ ብርዱም ሙቀቱም ሀብት ከሆነ፥ የኤረርን ፍል ውሃ መታጠቢያ ብቻ አድርገን ስለምን እናየዋለን? ከውስጡ መድኃኒት ይወጣል ብዬ ተስፋ አልሰጥም። ነገር ግን የሚኖርበትን ነገር መርምሮ መመዝገብ በቅርቡ ላለው ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገባ ሥራ ነው። ወጣቱ ሹምም ምንጩ በሳሙናና በጥራጊ እንዳይበላሽ መጠበቅ፥ ናሙና የሚወስድ ሁሉ በፈቃድ እንዲወስድ ማድረግ ይገባዋል። የአገር ብዝኃ ሕይወት ሲወሰድ ሕዝቡ ድርሻ እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደንግጓል። በጤፋችን ላይ በአውሮፓ የተሰጠውን የፈጠራ መብት የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018፥ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ነው። ቀድሞ የመዘገበ ሰው እንዲህ አይደክምም።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ኖርዌዮች የሚደፋውን ውሃ መርምረው ሀብት አገኙበት፤ እኛ ከምድር የሚፈልቅልንን እንኳ ገና አልመረመርንም።