ስለ ዝናብ ብቻ አናውራ፣ ደመናም ይቆጠር



ጅማ ላይ ስለ አየር ሲወራ ወሬው ሁሉ ዝናብ ነው፤ ጣለ፣ ቀረ፣ በዛ። ደመናን የሚጠይቅ የለም። ክረምቱን እንተወው፤ ያኔ ሰማዩ መዘጋቱ የታወቀ ነው። ከዓመት ዓመት እየተለያየ ኪስ የሚነካው የጥቅምትና የኅዳር ደመና ነው።

ቡና የሚለቀመው ያኔ ነዋ! የጅማ ቡና ደግሞ አብዛኛው ሳይታጠብ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። ቀዩ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን፣ የፍሬው እርጥበት ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ፣ ሰማዩ ከጠራ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ሰማዩ ከተሸፈነ ግን አንድ ጠብታ ሳይወርድም ይዘገያል፣ ይሻግታል፣ ዋጋው ይወድቃል። የዝናብ መለኪያው ዜሮ ይላል፣ ገበሬው ከስሯል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከባሕር ነው። በ2007 ክረምት ኤልኒኖ የሀገራችንን ሰሜንና ምሥራቅ ክፉኛ አደረቀው፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠበቀ። በ2012 መግቢያ ላይ ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ በእኛ በኩል ያለው ከወትሮው ሞቀ፣ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ቀዘቀዘ። ከዚያ የተነሣው እርጥበት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ምሥራቅ አፍሪካን በደመናና በጎርፍ መታው። ልክ ቡና በሚሰጣበት ወር! የባሕሩ ሙቀት ደግሞ በየጊዜው ይለካል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ለቡና አምራች "ዝናብ ይኖራል፣ አይኖርም" ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚጠበቅ ቢነግረው ላስቲኩንም ጉልበቱንም ቀድሞ ያዘጋጃል።

ደመና ለመቁጠር ውድ ዕቃ አይፈልግም። የሚቲዎሮሎጂ ታዛቢ ሰማዩን ለ8 ከፍሎ ስንቱ እንደተሸፈነ በዓይኑ ይገምታል፤ 0 ጥርት ያለ፣ 8 ሙሉ በሙሉ ዝግ። ሳተላይት አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ጠዋት ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል ስታዩ እናንተ ፀሐይ ላይ ሆናችሁ ከተማው ጉም ውስጥ የሚሆንበት ቀን አለ። ለሁለቱ አንድ ቁጥር አይበቃም።

ይሄን የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በደንብ ይሠራዋል። አንድ ደብተር፣ ሁለት ተማሪ፣ በቃ። አሥር ዓመት ከተያዘ "ዘንድሮ ደመናው በዛ" የሚለውን የገበያ ወሬ በቁጥር እናወራዋለን። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ ያላችሁ መምህራን፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምራችሁ እስከ ገና ያዙልኝ። ሰዓቱን አንድ እናድርገው፦ ጠዋት 3፣ ቀን 6፣ ከሰዓት 9።